የዕጩውን ልብ ማን አየው? ኪሱን ያየ መራጭስ ምን በደለ?

ሰሞኑን በአሜሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሲዟዟር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የ2024ቱን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመረምር ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። አማርኛው ያማረ፣ ቁጭቱም የምር ስለሆነ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። እኔም ደጋግሜ አነበብኩት። በአጻጻፉ ተደሰትኩ፤ በድምዳሜው ግን አልተስማማሁም። ያላነበበው ሰው ክርክሩ እንዳያመልጠው በመጀመሪያ የሚለውን ላስቀምጥ።

ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። በ2024 የአሜሪካ ኢኮኖሚ በየትኛውም መለኪያ ጤነኛ ነበር፤ «ኑሮ ከበደን» ያለው መራጭ የሰማውን እንጂ የኖረውን አልተናገረም። በተለይ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው እውነተኛውን የኑሮ ውድነት ስለሚያውቅ እዚህ ተቀምጦ ማማረሩ ነውር ነው። ደግሞም ፕሬዚዳንት የዕቃ ዋጋ አይተምንም፤ ስለዚህ በእንቁላል ዋጋ ተናዶ ድምፅ መስጠት አላዋቂነት ነው። መራጩ ሊመዝን ይገባው የነበረው የዕጩዎቹን ቅንነት ነው፤ ቅን መሪ ቃሉን አይለዋውጥም፣ ቅን ያልሆነውን ደግሞ አንደበቱ ያሳብቅበታል፤ በዚህ ሚዛን የዴሞክራቶቹ ዕጩ፣ የያኔዋ ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ይመረጡ ነበር። በመጨረሻም «የጉርሻ (የቲፕ) ግብር ይቀራል» የሚለው ተስፋ ዶናልድ ትራምፕ ለሆዳችን የጣሉት ማጥመጃ ነበር፤ ሃሪስም ተገድደው ኮረጁት፤ እኛም ዋጥነው።

እኔ ለማን ድምፅ እንደሰጠሁ አልናገርም፤ ለክርክሩ አይረባም። ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ ስደርስባቸው አልክድም።

ከኢኮኖሚው ልጀምር። ጸሐፊው የጠቀሷቸው አኃዞች ትክክል ናቸው። ሥራ አጥነት በ2023 መጀመሪያ ላይ 3.4 በመቶ ነበር፤ ከ1969 ወዲህ እንዲያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። በጁን 2022 9.1 በመቶ የደረሰው የዋጋ ንረት በምርጫው ሰሞን ከሦስት በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ ያውም ብዙ ባለሙያዎች ይመጣል ብለው የፈሩት የኢኮኖሚ ድቀት ሳይመጣ። ከሌሎቹ ሀብታም አገሮች ጋር ሲተያይ አሜሪካ በተሻለ አቋም መውጣቷም እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ንረቱ ቀነሰ ማለት ዋጋው ቀነሰ ማለት አይደለም። በ2021 መጀመሪያ መቶ ዶላር ይበቃው የነበረ አስቤዛና ወጪ በ2024 መገባደጃ በአማካይ መቶ ሃያ ዶላር ገደማ ይጠይቅ ነበር። ንረቱ ወረደ ሲባል ያ ሃያ ዶላር ተመለሰ ማለት ሳይሆን በላዩ ላይ የሚጨመረው አነሰ ማለት ነው። ባለሥልጣኑ በቴሌቪዥን «ተሻሽሏል» ሲል ልክ ነው፤ ሰውየው ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ቆሞ «አልተሻሻለም» ሲልም ልክ ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ምስክር ተቀብለው ሁለተኛውን ወሬኛ አደረጉት።

ደመወዝስ አላደገም ወይ? አድጓል። ከኮቪድ በፊት ከነበረው ጊዜ ተነሥተን ካሰላን አማካዩ የሰዓት ክፍያ ከዋጋ ጥቂት ቀድሟል። ጆ ባይደን ሥልጣን ከያዙበት ከጃንዋሪ 2021 ከተነሣን ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው። መራጩ ግን «ካለፈው ምርጫ ወዲህ እንዴት ሆንኩ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚነሣው ከሁለተኛው ነው። ይህን ጥያቄ እኛ አልፈጠርነውም፤ ሮናልድ ሬገን በ1980 ክርክር ላይ ለመላው አሜሪካ ያቀረቡት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ፓርቲዎች ሲመቻቸው ያነሡታል።

ከዚህም በላይ በአማካዩ ውስጥ የማይታይ ነገር አለ። የአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ከ1983 ወዲህ የቤት ብድር ወለድን አያካትትም። በ2021 መጀመሪያ የ30 ዓመት የቤት ብድር ከሦስት በመቶ በታች ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ወደ ስምንት በመቶ ተጠጋ። 400,000 ዶላር በሦስት በመቶ የተበደረ ሰው በወር 1,686 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ያንኑ ብር በሰባት በመቶ የተበደረው 2,660 ያህል ይከፍላል። ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ በወር ወደ አንድ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ልዩነት። ቤት ለመግዛት ስድስትና ሰባት ዓመት ሲቆጥብ የቆየ ቤተሰብ «ኢኮኖሚው ጤነኛ ነው» ሲባል በሩ የተዘጋበት በወሬ ነው?

በመኪና እንጀራ የሚበላውን ወገናችንን ደግሞ እንይ። እስከ ማርች 2024 በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ብቻ የመኪና ኢንሹራንስ በአገር አቀፍ ደረጃ 22 በመቶ ጨምሯል። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ከብዙ ወጪዎች አንዱ ነው። ለሾፌር ግን መኪናው ሱቁ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሱቁ ኪራይ ነው።

ልጆች ያሏቸው ወላጆች ሌላም ያጡት ነገር አለ። በ2021 መንግሥት የልጆች የግብር ድጋፍን ለአንድ ልጅ ወደ 3,000፣ ከስድስት ዓመት በታች ለሆነው ወደ 3,600 ዶላር አሳድጎ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ሲልክ ነበር። ሦስት ሕፃናት ላሏት እናት በወር 900 ዶላር ማለት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሕጉም አበቃ፤ ምክር ቤቱ ሳያድሰው ቀረ። እንዲህ ያለውን ድጋፍ በሚቆጥረው የመንግሥት ተጨማሪ መለኪያ በ2021 5.2 በመቶ የነበረው የሕፃናት ድህነት በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ዘለለ። በሥራ አጥነት አኃዝ ውስጥ ይህ አይገኝም፤ ሴትየዋ ሥራዋ ላይ ናትና።

ጸሐፊው ኔቫዳን «በሆዱ የመረጠ ግዛት» ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። ከ2004 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሪፐብሊካን ዕጩ ድምፁን የሰጠው ይህ ግዛት በኤፕሪል 2020 ሆቴሎቹና ካሲኖዎቹ ሲዘጉ ከሠራተኛው 30 በመቶ ያህሉ ሥራ አጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ አኃዝ በየትኛውም ግዛት ተመዝግቦ አያውቅም። በ2024ም ሥራ አጥነቱ ከአምስት በመቶ በላይ ሆኖ ከአገሪቱ ከፍተኛዎቹ አንዱ ነበር። ላስ ቬጋስ በታክሲ፣ በሆቴልና በካሲኖ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባት ከተማ ናት። አገር አቀፉን አማካይ ይዞ ወደዚያ ሄዶ «ተሳስታችኋል» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

በዚህ ላይ ከላይ የሚመጣው ንግግር መራጩን አላገዘውም። ባይደን በሜይ 2024 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ እሳቸው ሥልጣን ሲይዙ ንረቱ ዘጠኝ በመቶ ነበር አሉ። በጃንዋሪ 2021 የነበረው 1.4 በመቶ ነው። ዘጠኝ በመቶ የደረሰው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በእሳቸው ጊዜ ነው። ስለ ቅንነት ብዙ የጻፉት ጸሐፊ ይህችን ሳያነሷት ማለፋቸው ገርሞኛል።

አንድ ነገር ግን ልመንላቸው። ስለ ኢኮኖሚ የሚሰጥ አስተያየት ከፓርቲ ጋር ይገለበጣል። ምርጫው ባለፈ በሳምንታት ውስጥ የሪፐብሊካን ደጋፊዎች ስለ ኢኮኖሚው ያላቸው ስሜት በመጠይቆች ላይ ሽቅብ ወጣ፤ የዴሞክራቶቹ ቁልቁል ወረደ። ዳቦው በዚያ ሳምንት አልረከሰም፣ አልተወደደምም። ስለዚህ ከቅሬታው የተወሰነው ክፍል የቡድን ስሜት እንደሆነ እቀበላለሁ። የተወሰነው።

«ከኢትዮጵያ መጥቶ ማማረር ነውር ነው» ወደሚለው ስንመጣ፣ ይህ መከራከሪያ ሳይሆን አፍ ማዘጊያ ነው። በኢትዮጵያ ንረቱ በ2022 ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር እናውቃለን፤ የላክነው ብር እንዴት እንደሚያልቅ በየወሩ በስልክ ስለምንሰማ እናውቃለን። ግን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ስለተቸገረ የላስ ቬጋስ ወይም የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ቤት ኪራይ አይቀንስም። እንዲያውም እዚህ ያለው ሰው የሚኖረው በሁለት ገበያ ነው፤ በዶላር ኪራዩን ይከፍላል፣ በብር የሚጠየቀውን ይልካል። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ላኪው ዶላሩ በዛልኝ ብሎ ሳይጨርስ የዘይቱና የመድኃኒቱ ዋጋ ተከትሎት ወጣ። ሁለት ገበያ የሚያውቅ ሰው ስለ ዋጋ ለመናገር የበለጠ እንጂ ያነሰ መብት ያለው አይመስለኝም።

ፕሬዚዳንት ዋጋ አይተምንም የሚለው ነጥብ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው። እንቁላልን ራሳቸው ስላነሡት በእንቁላል እንሂድ። ትራምፕ በምርጫው ዘመቻ ዋጋን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቼ አወርዳለሁ ብለው ነበር። በማርች 2025 የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6.23 ዶላር ደረሰ፤ ከዚያ በፊት ያልታየ። ምክንያቱ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎችን የፈጀው የወፍ ጉንፋን ነው። ባይደንም ትራምፕም ዶሮ አልገደሉም። ዋጋው በኋላ ሲወርድም መንጋው ስላገገመ ነው። ወለድም ቢሆን የማዕከላዊ ባንኩ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ ሥልጣን ነው፤ ተቋሙ በማርች 2022 ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ጁላይ 2023 ወለዱን ከአምስት በመቶ በላይ ያወጣው ከዋይት ሐውስ ትእዛዝ ተቀብሎ አይደለም።

እስከዚህ ተስማማን። ነገር ግን «ሁሉንም አይተምንም» ከማለት ተነሥቶ «ምንም አያገባውም» ላይ መድረስ ትልቅ ዝላይ ነው። በጃንዋሪ 2018 ትራምፕ ከውጭ በሚገባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ቀረጥ ጣሉ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የማጠቢያው ዋጋ በአማካይ 86 ዶላር፣ የማድረቂያው ደግሞ 92 ዶላር ጨምሮ ተገኘ። ማድረቂያ ላይ ቀረጥ አልተጣለም፤ ግን ሁለቱ በጥንድ ስለሚሸጡ ነጋዴው ጭማሪውን አከፋፈለው። ይህ የፕሬዚዳንት ፊርማ ነው። በኤፕሪል 2025 ከኢትዮጵያ በሚገባው ቡና ላይ ሳይቀር አሥር በመቶ ቀረጥ የተጣለው፣ በኖቬምበርም ቡና ነፃ ይሁን የተባለው በፕሬዚዳንት ፊርማ ነው። በማርች 2020 ትራምፕ የፈረሙት 2.2 ትሪሊዮን ዶላር የኮቪድ ድጎማ፣ በማርች 2021 ባይደን የፈረሙት የ1.9 ትሪሊዮን ዶላር ድጎማም እንዲሁ። ንረቱን ያባባሰው የአቅርቦት ሰንሰለት መበጠስና የዩክሬን ጦርነት ብቻ አልነበረም። የሳን ፍራንሲስኮው ፌዴራል ሪዘርቭ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ጥናት የመንግሥት ድጎማው እስከ 2021 መጨረሻ ሦስት መቶኛ ነጥብ ያህል ጨምሮበታል ብለው ገምተዋል። ያው ድጎማ ግን ብዙ ሰው ሥራው ላይ እንዲቆይ፣ ኪራዩንም እንዲከፍል አድርጓል። መራጩ «ዋጋ አስከፈለኝ» ሲል የፖሊሲ ውጤት እየመዘነ ነው፤ ሚዛኑ ላይ አንዱን ጎን ብቻ አስቀምጦ ከሆነ በዚያ ልንከራከረው እንችላለን። አላዋቂ ልንለው ግን አንችልም።

ደግሞስ የተታለለው አሜሪካዊ መራጭ ብቻ ነው? በዚያው በ2024 በብሪታንያ ገዥው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ከ14 ዓመት በኋላ ወረደ። በደቡብ አፍሪካ ገዥው ፓርቲ ኤ.ኤን.ሲ. ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫውን አጣ። ቦትስዋና ከነፃነቷ ጀምሮ የገዛትን ፓርቲ አሰናበተች፤ የጃፓን ገዥ ጥምረት አብላጫውን አጣ፤ በጋናም ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ተሸነፈ። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ የኑሮ ውድነት ያልተነሣበት ግን አላውቅም። እነዚህን ሁሉ አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን አላታለላቸውም።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ፤ የክርክሩ ልብም የዕጩው ልብም እዚህ ነው። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሆነ ፖለቲከኛ ሞልቷል፤ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። ግን ከአንጀቱ የሚናገረውንና ከአንገት በላይ የሚናገረውን በቴሌቪዥን መስኮት መለየት ይቻላል ብለው ሲጽፉ በምን እንደሚለይ አልነገሩንም። የአሜሪካን ታሪክ ለሚያገላብጥ ደግሞ ቅንነት፣ ቃል መጠበቅና መልካም ውጤት እንደ ጥንድ በሬ አብረው ሲጠመዱ የሚታዩት ከስንት አንዴ ነው።

ጂሚ ካርተር በ1976 ሲወዳደሩ «አልዋሻችሁም» አሉ። ቅንነታቸውን ተቃዋሚዎቻቸውም አይክዱም። በ1979 ፖል ቮልከርን የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙ፤ ቮልከርም ንረቱን ለመስበር ወለዱን ሰማይ ሰቀሉት። ካርተር በ1980 ከ50ዎቹ ግዛቶች 44ቱን አጥተው ወረዱ። በዚያ ዓመት ከ13 በመቶ በላይ የነበረው ንረት በ1983 ወደ ሦስት በመቶ ገደማ ሲወርድ ምስጋናውን የወሰዱት ሬገን ናቸው፤ በመካከሉ ግን በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደርሶ ብዙ ቤተሰብ ተጎድቷል። በ1984 የሬገን ተፎካካሪ የነበሩት ዋልተር ሞንዴል በሳን ፍራንሲስኮው የፓርቲ ጉባኤ ላይ ቆመው፣ ሬገንም ግብር ይጨምራሉ፣ እኔም እጨምራለሁ፤ እሳቸው አይነግሯችሁም፣ እኔ ነገርኳችሁ አሉ። ከዚህ በላይ ቅንነት ከየት ይምጣ? ሕዝቡ 49 ግዛቶችን ለሬገን ሰጠ፤ ሞንዴል የትውልድ ግዛታቸውን ሚኒሶታንና ዋና ከተማዋን ዋሽንግተንን ብቻ ይዘው ቀሩ።

በተቃራኒው ቃል ያጠፉትን እንይ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1932 በፒትስበርግ ባደረጉት ንግግር የመንግሥትን ወጪ በሩብ እቀንሳለሁ ብለው ነበር። ሥልጣን ሲይዙ ግን ወጪውን አበዙት፤ ዛሬ የምናስታውሳቸው ቃላቸውን ስላጠፉበት ሥራ ነው፤ የጡረታ ዋስትናን ጨምሮ። ጆርጅ ቡሽ አባት በ1988 ከንፈሬን እዩ፣ አዲስ ግብር የለም አሉ። በ1990 የበጀት ጉድለቱን ለመቀነስ ከዴሞክራቶች ጋር ተስማምተው ግብር ጨመሩ፤ በ1992ም ተሸነፉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለታየው የበጀት ትርፍ ያ ስምምነት አንዱ መሠረት እንደነበር ብዙ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በጸሐፊው መስፈርት ሩዝቬልትና ቡሽ ይወድቃሉ፣ ሞንዴል ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ሚዛን አገር ለማስተዳደር ሰው የሚመርጥበት ሚዛን ነው?

ያንኑ ሚዛን በ2024ቱ ዕጩዎች ላይ ስናሳርፈው ደግሞ ጸሐፊውን ራሳቸውን ይከዳቸዋል። ሃሪስ በ2019 ሲወዳደሩ ድንጋይ በውኃ ግፊት እየሰነጠቁ ጋዝ ማውጣት፣ ፍራኪንግ የሚባለው፣ ይከልከል ብለው ነበር፤ በ2024 አልከለክልም አሉ። ይህ ዘዴ ብዙ ሺህ ሰው የሚሠራበት ፔንስልቫኒያ ወሳኝ ግዛት ነበር። ሐሳብ መቀየር ነውር አይደለም፤ ለምን እንደቀየሩ ሲጠየቁ ግን «እሴቶቼ አልተቀየሩም» ከማለት የራቀ ማብራሪያ አልሰጡም። በኦክቶበር ደግሞ ከባይደን የተለየ ምን ታደርጉ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ወደ አእምሯቸው የመጣ አንድም ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ይህ ምናልባት ከአንጀታቸው የወጣ መልስ ነበር፤ ለአለቃቸው የነበራቸው ታማኝነት። በዋጋ የተማረረው መራጭ ግን የሰማው ያለፈው ይቀጥላል የሚል ነው። ቅንነታቸው እዚያ ላይ ጎዳቸው እንጂ አልጠቀማቸውም።

ትራምፕም አያመልጡም። ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን አወርዳለሁ ያሉት ሰው ምርጫውን ካሸነፉ በኋላ፣ ገና ሥልጣን ሳይዙ፣ በዲሴምበር 2024 በወጣው የታይም መጽሔት ቃለ መጠይቅ አንዴ የወጣን ዋጋ ማውረድ በጣም ከባድ ነው አሉ። ይህን ሐቅ ለመማር ከምርጫው እስከ ቃለ መጠይቁ ያለው ጊዜ የሚበቃ አይመስለኝም፤ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ትራምፕን ሲተቹ አብሬያቸው ነኝ። የምለያቸው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የተስፋው ባዶነት ይታወቅ የነበረው ሰውየው ሲናገሩ ዓይናቸውን በማየት ሳይሆን ራሱን ተስፋውን በመመርመር ነው። የዕቃ ሁሉ ዋጋ በጥቅሉ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ እንደ 1930ዎቹ ባለ ቀውስ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ዕጩ ተስፋ አድርጎ አይሰጥም። ይህን ለማወቅ የማንንም ልብ መክፈት አያስፈልግም ነበር።

የጉርሻው ጉዳይ ይህንኑ በደንብ ስለሚያሳይ ጥቂት ልቆይበት። ትራምፕ ሐሳቡን ያነሡት በጁን 2024 ላስ ቬጋስ ላይ ነው። ሃሪስ በኦገስት እዚያው ከተማ መጥተው፣ ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ጭማሪ ጋር አያይዘው፣ እኔም አለሁበት አሉ። ጸሐፊው «ኮረጁ» ብለው ተሳለቁ። ለሠራተኛው ግን ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንድ ቃል ይዘው መቆማቸው ከየትኛውም መሐላ የሚበልጥ ዋስትና ነበር፤ ማንም ቢያሸንፍ ሕግ የመሆኑ ዕድል ሰፋ። የሆነውም ያ ነው። በሜይ 2025 የኔቫዳዋ ዴሞክራት ሴናተር ጃኪ ሮዘን ረቂቁ እንዲጸድቅ ጠይቀው ሴኔቱ ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈው፤ በጁላይ 4 ደግሞ ትራምፕ በፈረሙት ሰፊ የግብር ሕግ ውስጥ ገባ። በጸሐፊው አነጋገር ማጥመጃ የተባለው ቃል ተፈጸመ። ቅን አይደሉም የተባሉት ሰው ቃላቸውን ጠበቁ። ታዲያ ቅን ሆኑ ማለት ነው? አይደለም። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው ማለት ነው።

መጠየቅ የነበረበት ለማን ምን ያህል ይደርሳል የሚለው ነው። ወረቀቱን ዘርግተን እናስላ። በካሲኖ ካርድ የሚያድል አንድ ላጤ በ2025 30,000 ዶላር ደመወዝና 20,000 ዶላር ጉርሻ አገኘ እንበል። መደበኛው ተቀናሽ 15,750 ዶላር ሲነሣለት ግብር የሚሰላበት 34,250 ይሆናል። በአዲሱ ሕግ ጉርሻው ሲቀነስ 14,250 ብቻ ይቀራል፤ የሚያተርፈው 2,400 ዶላር ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የአንድ ወር ኪራይ ከፍሎ የሚተርፍ ነው። አሁን ደግሞ በምግብ ቤት በግማሽ ቀን የምታስተናግድ እናትን እንውሰድ፤ ባሏ ትምህርት ላይ ነው፣ የሁለቱ ገቢ ከነጉርሻው 31,000 ዶላር ነው። ለባልና ሚስት መደበኛው ተቀናሽ 31,500 ስለሆነ ድሮም የፌዴራል የገቢ ግብር አልነበረባቸውም። ሕጉ የሚያስገኝላቸው ዜሮ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ የበጀት ተመራማሪዎች ምርጫው ሳይደርስ ገና በ2024 እንዳሰሉት፣ ጉርሻ ከሚያገኙ ሠራተኞች ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት እንደዚህች እናት የፌዴራል የገቢ ግብር ከሚከፈልበት ወለል በታች ናቸው።

የጡረታው 6.2 በመቶና የአረጋውያን ሕክምና ዋስትናው የሜዲኬሩ 1.45 በመቶ ከጉርሻው ላይ እንደ ድሮው ይቆረጣል። በራሱ ስም የሚሠራው የታክሲና የራይድ ሾፌርም በጉርሻ ተቀባይነት በሕጉ ቢካተትም 15.3 በመቶ የሆነው የራስ ሥራ ግብሩ አልተነሣለትም። ጥቅሙ በዓመት በ25,000 ዶላር ጉርሻ የተገደበ ነው፤ ገቢው ከ150,000 ዶላር በላይ ለሆነ ላጤ እየቀነሰ ይሄዳል። «ግብር ይቀራል» የተባለው ቃል በዚህ ሁሉ «ከሆነ»ና «ካልሆነ» ተከርክሞ ነው የደረሰን። ጸሐፊው ይህንን ቢጽፉ ኖሮ ከእኔ በፊት ማጨብጨብ የሚገባው አይኖርም ነበር። እሳቸው ግን ሆዳችንን ወቀሱ። ባለ 2,400 ዶላሩ ሰውዬ ለራሱ አስልቶ ከመረጠ በምን ሂሳብ ሆዳም ይባላል? ግብር የሚያስቀንሱ ባለሀብቶች «የኢኮኖሚ አጀንዳ አላቸው» ሲባል እንሰማለን፤ የእንግዳ መኪና የሚያቆም (ቫሌት) ወገናችን ሲሆን ነው ወይ ነገሩ ሆድ የሚሆነው?

የዚህ ሕግ ዘመን ከ2025 እስከ 2028 ነው፤ ካልታደሰ ያበቃል። ቀጣዩ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫም በኖቬምበር 2028 ነው። ዕጩዎቹ እንደ ልማዳቸው ላስ ቬጋስ መምጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ እድሉን ካገኘሁ የምጠይቀው አዘጋጅቻለሁ፦ ተቀናሹን ታድሱታላችሁ ወይ? 31,000 ዶላር ለሚያገኘው ቤተሰብስ ምን አላችሁ? ለዚያ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየትኛው ግብር ይመጣል? ምክር ቤቱ እምቢ ቢልስ በፊርማችሁ ብቻ የምትፈጽሙት የትኛውን ነው? ጸሐፊውም እዚያ ቢገኙ ደስ ይለኛል፤ የልቡን ጥያቄ እሳቸው ይጠይቁ፣ የሂሳቡን ለእኔ ይተዉልኝ።